የትኬቱ ጀርባ

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ካሜራ።»

«ካሜራ መሆኑንማ እያየሁት ነው። ምን ሊያደርጉበት ነው?»

በካሜራ ምን ይደረጋል? እንጀራ አይጋገርበት፣ ቡና አይቆላበት! ግን የስታዲየም በር ላይ፣ ሰልፉ ከኋላ እየገፋ፣ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ (ቀበቶም ያስፈታሉና) ተረብ መሞከር አያዋጣም። «ፎቶ ላነሳበት ነው ወንድሜ» አልኩ በትሕትና።

«አይቻልም።»

«ለምን?»

«መመሪያ ነው።»

«መመሪያውን ላየው እችላለሁ?»

ወጣቱ ፖሊስ ቀና ብሎ አየኝ። እውነቱን ለመናገር ክፋት አልነበረበትም። ፊቱ ላይ ያነበብኩት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ስንት ጊዜ ያየሁትን ነገር ነው፤ ስላላነበበው መጽሐፍ የተጠየቀ ተማሪ ድንጋጤ። ግራ ቀኝ አማተረና፣ «አለቃ ናቸው ያሉት» አለኝ። ካሜራዬን ተቀብሎም ከግንቡ ሥር፣ ከተከመሩት ቀበቶዎችና ሃይላንዶች መሀል፣ ከአንዲት ቀይ ጃንጥላ አጠገብ አስቀመጠው። ደረሰኝ የለ፣ ቁጥር የለ። «ሲወጡ ይወስዱታል» ነው ያለኝ። ሲወጡ! በዚህ አገር ስንቱ ሰው «ሲወጡ ይወስዱታል» ተብሎ ስንት ነገር እንዳስቀመጠ …

የከተማውን ስም አልናገርም። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ከጀመረ በኋላ እግር ጥሎኝ ከደረስኩባቸው ከተሞች አንዱ ነው። ነገሩ የዚያ ከተማ ብቻ ስላልሆነ ስሙን ጠርቶ ማሳጣት ግፍ ይሆናል። ይልቅ አብሮኝ የነበረውን ልጅ ላስተዋውቃችሁ። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ የሟች ወዳጄ ልጅ። ከኔ ቀጥሎ እሱ ተፈተሸ። ኪሱ ውስጥ ሞባይል ተገኘ። ፖሊሱ አገላብጦ አየውና፣ «ሞባይል ነው» ብሎ መለሰለት። ከገባን በኋላ ስልኩን ተቀብዬ ቆጠርኩ። ከጀርባው ሦስት ካሜራ፣ ከፊቱ አንድ። አንድ ካሜራ የያዝኩት እኔ ተከለከልኩ፤ አራት ካሜራ የያዘው እሱ ገባ። ሒሳብ ድሮም አይሆንልኝም።

ለምን ካሜራ ይዤ እንደሄድኩ ልናዘዝ።

የልጁ አባት የካታንጋ ሰው ነበር። አዲስ አበባ ስታዲየም ገብቶ የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ የኮንጎዋን ካታንጋ ማለቴ አይደለም። ያ ስታዲየም መቀመጫውን እንደ ሰፈር ከፋፍሎ ስም ያወጣ ነው፤ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ … አንድ ሰው የት እንደሚቀመጥ ከሰማችሁ ኪሱንም ጉሮሮውንም ታውቃላችሁ። ወዳጄ በሰላሳ ዓመት ውስጥ ያመለጡትን ጨዋታዎች በጣቱ ይቆጥር ነበር። ቢሮ ውስጥ ዝምተኛ፣ ቤቱ ውስጥ ቁጥብ፣ ዕድር ላይ ጸሐፊ። ካታንጋ ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ነው። ይዘፍናል፣ ዳኛ ይሳደባል፣ ጎል ሲገባ የማያውቀውን ሰው አንገቱን አንቆ ይስማል። ጥርሱን ሙሉ በሙሉ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

ያረፈ ዕለት ለድንኳኑ የሚሆን ፎቶ ተፈለገ። ዘመድ ከቁም ሳጥን በላይ ያለውን ካርቶን አወረደ። ጉርድ ፎቶ፣ ለመታወቂያ። ጉርድ ፎቶ፣ ለፓስፖርት። ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር፣ ስብሰባ ላይ፣ ከኋላ ረድፍ፣ ግማሽ ፊቱ በሌላ ሰው ትከሻ ተሸፍኖ። ሰርጉ ላይ ሳይቀር ተኮሳትሯል። (የዚያ ዘመን ፎቶ አንሺ «ሳቅ» አይልም፤ «እንዳትንቀሳቀስ!» ነው የሚለው።) በመጨረሻ የመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ጎልቶ ታጠበና ተሰቀለ። ልጁ ያኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ጠጋ ብሎኝ፣ «ጋሼ፣ አባዬ ሲስቅ የሚያሳይ ፎቶ እርሶ ጋ ይኖር ይሆን?» አለኝ።

አልነበረኝም። ሰላሳ ዓመት ጎኑ ተቀምጬ አንድም የለኝም።

ይህን ያደረገው ከልካይ ነው ብል እዋሻለሁ። እኛ ልጆች ሳለን ካሜራ የፎቶ ቤት ዕቃ ነበር። ሰው ወደ ካሜራ ይሄዳል እንጂ ካሜራ ወደ ሰው አይመጣም። ኮትና ከረባት ከዚያው ይዋሱታል፤ ከጀርባ ግድግዳው ላይ የተሳለ ፏፏቴ አለ። ካታንጋ ካሜራ ይዞ መሄድ የሚባል ሐሳብ ለማናችንም መጥቶልን አያውቅም። የከለከለን ኪሳችን ነው። አሁን ግን ካሜራው አለኝ፤ ልጁም የአባቱን ማልያ ለብሷል፤ ትንሽ ሰፍቶታል። የአባትየው ሳቅ አመለጠኝ፤ የልጁን እንኳ ላስቀር ብዬ ነው የተነሳሁት።

የኛ አገር ኳስ ትዝታ የጆሮ ትዝታ መሆኑን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በገዛ ሜዳዋ ግብፅን (ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። የዚያ ቀን ፎቶ ሲባል ሁላችን ፊት የሚመጣው ጃንሆይ ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቺያኖ ቫሳሎ ሲሰጡ የሚያሳየው ነው። ደግ ፎቶ ነው፤ ግን ከክቡር ትሪቡን በኩል የታየ ታሪክ ነው። ስታዲየሙን የሞላው ሰውስ? አራተኛው ጎል ሲገባ ማን ማንን አቀፈ? ባርኔጣውን የወረወረው ማነው? ለቅሶ የጀመረው ሽማግሌስ? በአእምሯችን ልንስለው እንችላለን፤ ልናየው ግን አንችልም። በ1980 ዓ.ም. እዚያው ሜዳ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ረትተን የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስንወስድም ያው ነው። የኔን ዕድሜ ሰው ያን ቀን አስታውስ ብትሉት የሚመጣለት የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው። ድምፁ! እንዲያውም ተነሥቶ ደምሴን እያስመሰለ ይተርክላችኋል።

ጆሮ መጥፎ መዝገብ አይደለም፤ ሥነ ቃል ያስተማርኩ ሰው ነኝና ጆሮን አላማም። ነገር ግን ጆሮ የሚይዘው ተራኪው ያለውን ነው። ተራኪው ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ ነው የሚቀመጠው። ካታንጋ ሁልጊዜ ከበስተጀርባ ያለ ጩኸት ነው።

ወደ ስታዲየሙ ልመለስ። ቦታችንን ይዘን ከተቀመጥን በኋላ ትኬቴን አወጣሁና ጀርባውን አየሁት። ባዶ። ግማሹ ብቻ ያረፈ ሐምራዊ ማኅተም፣ ሌላ ምንም። የሙያ በሽታ ነው፤ ፊደል ያለበትን ሁሉ አነባለሁ፣ ፊደል የሌለበትን ደግሞ ለምን እንደሌለበት እጠይቃለሁ።

የሌላው ዓለም የትኬት ጀርባ ራሱን የቻለ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ነው። ሥራ ከፈታሁ ወዲህ የግጥም መድበል እንደሚያነብ ሰው ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ። ለምሳሌ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ዋንጫን ስታስተናግድ የወጣው የስታዲየም ደንብ፣ ተመልካች ለግል አገልግሎት የሚሆን ካሜራ ይዞ መግባት ይችላል ይልና፣ መለዋወጫ ባትሪው ግን ከአንድ ዙር እንዳይበልጥ ይላል። የቪዲዮ ካሜራ ጭራሽ አይገባም። እስቲ አስቡት፤ አንድ የተማረ የሕግ ሰው ቢሮው ተቀምጦ የአንድ ተመልካች ፍቅር ስንት ባትሪ እንደሚፈጅ ሲያሰላ! በአንድ ዙር ባትሪ ተመልካች ነህ። ሁለተኛ ዙር ከተገኘብህ ነጋዴ ሆነሃል ማለት ነው።

የለንደን ኦሊምፒክ፣ እ.ኤ.አ. 2012፣ የትኬት ውል ደግሞ ያነሳኸው ምስል ለራስህና ለቤትህ ብቻ ነው አለ። ቪዲዮና ድምፅ ከሆነ ማኅበራዊ ድረ ገጽ ላይ እንኳ እንዳታወጣው አለ። ከ30 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የፎቶ ዕቃም አይገባም። ዊምብልደን የሌንሱን ቁጥር ያያል፤ ከ300 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ በደጅ ይቀራል። የአሜሪካኖቹ የፉትቦል ሊግ በ2013 ባወጣው የቦርሳ ደንብ የካሜራ ቦርሳን ከልክሎ ካሜራውን ራሱን አንገት ላይ አንጠልጥሎ መግባትን ፈቀደ። ማንቸስተር ዩናይትድ በ2014 ታብሌትና ላፕቶፕ ኦልድ ትራፎርድ እንዳይገባ አደረገ። ከሁሉ የምትገርመኝ ግን ኦገስታ ናት፣ ታላቁ የጎልፍ ውድድር የሚካሄድባት። በልምምድ ቀናት ካሜራ ይዛችሁ ግቡ ትላለች። ውድድሩ ሲጀመር ካሜራ ይከለከላል። ስልክ ግን በየትኛውም ቀን አይገባም፤ ልጇ የወለደችባት ሴት ብትሆን እንኳ እዚያው ግቢ ውስጥ ባለው የሕዝብ ስልክ ደውላ ትጠይቅ!

እንግዲህ እንደ ሐያሲ ካነበብነው የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ዋና ገጸ ባሕርይ ካሜራው አይደለም፤ ስሙ ያልተጠራው ብር ነው። ምስሉ አስቀድሞ ተሸጧል። ለቴሌቪዥን ድርጅት በብዙ ሚሊዮን የተሸጠ ነገር በአንድ ጎረምሳ ስልክ በነጻ ሲታደል ገዥው ያኮርፋል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በነሐሴ ወር 2014 የጎል ቅንጭብ እየቆረጡ ኢንተርኔት ላይ የሚለጥፉ ደጋፊዎችን ሕግ እየጣሳችሁ ነው ብሎ ያስጠነቀቀው ለዚሁ ነው። ደጋፊ ጎሉን አይቶ መደሰት ይፈቀድለታል፤ ደስታውን ማካፈል ግን የሌላ ሰው ገበያ መሻማት ሆኖ ይቆጠራል። አልወደውም። በጣም አልወደውም።

አልወደውም እንጂ ተጽፏል! ከቤቴ ሳልወጣ አውቀዋለሁ። ሌንሴን ለክቼ እሄዳለሁ። በር ላይ ያለው ሰው 31 ሴንቲ ሜትር ነው ካለኝ «እስቲ ማስመሪያ አምጣ» እለዋለሁ። ከማስመሪያ ጋር መከራከር ይቻላል፤ ከተሸነፍኩም ተሸነፍኩ። ከ«አለቃ ናቸው ያሉት» ጋር በምን ይከራከሩታል? የኛ ትኬት ጀርባ ባዶ ሲሆን ደንብ የለም ማለት እንዳይመስላችሁ። ደንቡ በየሳምንቱ እሑድ በር ላይ በቃል ይደረሳል ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት ሌላ ፖሊስ ነበር፤ ሌላ ደንብ ነበር። ካሜራ የያዘውን ነጭ ቱሪስት «ዌልካም» ብሎ ያሳለፈ ደንብም አይቻለሁ።

ለመሆኑ ጨዋታ የማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1937 አውስትራሊያ ውስጥ የተፈረደ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ሲድኒ ውስጥ ቪክቶሪያ ፓርክ የሚባል የፈረስ መሮጫ ነበር። ጎረቤቱ የሆነ ሰው ግቢው ውስጥ ማማ ሠራ። አንድ የሬዲዮ ሰው እማማው ላይ እየወጣ በአጥሩ አናት ላይ አሻግሮ እያየ ውድድሩን ማስተላለፍ ጀመረ። የሜዳው ባለቤቶች ገበያችን ቀዘቀዘ ብለው ከሰሱ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ፈረደባቸው። ትርኢት ንብረት አይሆንም፤ ካልፈለጋችሁ አጥራችሁን ከፍ አድርጉ ነው ነገሩ። የኛ ዛፍ ላይ የሚወጡ ልጆች ጠበቃ ሳያቆሙ የሚያውቁት ሕግ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግና አንዲት የመጠጥ ቤት ባለቤት በተሟገቱበት ጉዳይ፣ የእግር ኳስ ጨዋታ በጨዋታ ሕግ የታጠረ ስለሆነ የቅጂ መብት የሚጠይቀውን የፈጠራ ነጻነት አያሟላም፣ ስለዚህም በቅጂ መብት የሚጠበቅ «ሥራ» አይደለም አለ። እዚህ ላይ የድሮ መምህርነቴ ይቆጣል። በሕግ የታጠረ ነገር ፈጠራ አይሆንም ያለው ማነው? ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ተፈቅዶለት የለም እንዴ? ለካሜራዬ ስለሚበጀኝ ግን ዳኞቹን አልነካም።

እና ክለቦቹም ሊጎቹም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ «ጨዋታው የኛ ነው» አይሉም፤ «በሩ የኛ ነው» ነው የሚሉት። ቤቴ ስትገባ በደንቤ ትገባለህ፣ ደንቤ ትኬቱ ላይ አለ፣ ትኬቱን ስትገዛ ተስማማህ። ከልካዩ የቆመው በዚች ቀጭን ክር ላይ ነው፤ በውል። ውል ደግሞ ሁለቱም ወገን ያላነበበው ከሆነ ምን ውል ይባላል? የኛ ነገር ይበልጥ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ስታዲየማችን የግል ባለቤት የለውም፤ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የሕዝብ ሜዳ ነው። «ቤቴ ነው» የሚል ሰው ሳይኖር «አይገባም» የሚል ሰው ብቻ አለ።

ሕግ አጥተንም አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛት፣ መሸጥ አይቻልም ይላል። ደግ አደረገ። በአንቀጽ 28 ግን ነገሩ በአደባባይ ከተደረገ ወይም ሕዝብን ከሚመለከት ዝግጅት ጋር የተያያዘ ከሆነ የባለፎቶው ፈቃድ አያስፈልግም ብሎ በሩን ይከፍታል። አንቀጹ ስለማሳየት እንጂ ስለመግቢያ በር አያወራም፤ ጠበቃ ወዳጆቼ እንዳይቆጡኝ። ቢሆንም መንፈሱ ግልጽ ነው። በአደባባይ የሆነ ነገር ይታያል ብሎ ያሰበ ሕግ ነው።

የከልካዮችን ነገር ሳልሰማ መፍረድ ደግሞ አይገባኝም። ድንጋይና ጠርሙስ በሚወረወርበት ሜዳ፣ አንድ ኪሎ የሚመዝን ብረትና መስታወት አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ቢያሰጋ አይፈረድም። ሊጉ በ2013 ዓ.ም. በዲኤስቲቪ መታየት ሲጀምር ምስሉ ዋጋ እንዳለው እኛም አወቅን፤ ገንዘቡ ሜዳውን የሚያለማ ከሆነ ቪዲዮ አትቅረጹ ቢሉኝ አላኮርፍም። ጨዋታውን ሙሉ በስልክ መስኮት አጮልቆ የሚያይ ትውልድ መምጣቱም እውነት ነው። በመጨረሻዎቹ የማስተማር ዓመታቴ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ማንም አይገለብጥም ነበር። ሰዓቱ ሲያልቅ እጅ ሁሉ ወደ ላይ ይነሣል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ … ከዚያ ማን ያነበዋል? እንዲያውም አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሆነ ብዬ ስሕተት ጻፍኩ፤ አርባ ሁለት ተማሪ ስሕተቱን በጥራት አንሥቶ ሄደ። እናም «ስልካችሁን አስቀምጡና ጨዋታውን እዩ» የሚል ሰው ቢመጣ የማጨበጭብለት እኔ ነኝ።

ግን በር ላይ የነገረኝ ይህን አይደለም። ምክንያት አልነገረኝም።

ምክንያት የሌለው ክልከላ ደግሞ እንደ ላስቲክ ነው። በሰላም ቀን ይረግባል፤ አራት ካሜራ ያስገባል። ክፉ ቀን ሲመጣ ይወጠራል። ግርግር ተነሥቶ ዱላ መሰንዘር ሲጀመር መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ «አትቅረጽ!» አይደለም? ካሜራ በደህና ቀን መዝናኛ፣ በክፉ ቀን ምስክር ነው። የተመልካች ምስክርነት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ፓሪስ ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 28 ቀን 2022 ሊቨርፑልና ሪያል ማድሪድ ለአውሮፓ ዋንጫ ሲገናኙ በሺህ የሚቆጠር ተመልካች ትኬቱን ይዞ በር ላይ ተጨናነቀ፤ አስለቃሽ ጭስም ተረጨበት። ስታዲየሙ ውስጥ ጨዋታው የዘገየው ደጋፊዎች አርፍደው በመምጣታቸው ነው የሚል ማስታወቂያ ወጣ። የፈረንሳይ አገር አስተዳደር ሚኒስትር ደግሞ ከ30 እስከ 40 ሺህ ሰው በሐሰተኛ ትኬት ወይም ያለ ትኬት መጣ አሉ። በኋላ የስታዲየሙ የጥበቃ ካሜራ ምስል ይምጣ ሲባል፣ የሚጠይቀው ስላልነበረ ከሰባት ቀን በኋላ በራሱ ጊዜ ጠፍቷል ተባለ። በደጋፊዎቹ ስልክ ውስጥ የነበረው ግን አልጠፋም። ትኬታቸውን ከፍ አድርገው ይዘው በአጥሩ ሥር የተጨፈለቁ ሰዎች፣ ጭስ የበላቸው ልጆች … በየካቲት 2023 የወጣው፣ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ራሱ ያስጠናው ገለልተኛ ሪፖርት ዋናውን ጥፋት በማኅበሩ በራሱ ላይ አኖረው። የስታዲየሙ ካሜራ ሲረሳ የተመልካች ካሜራ አስታወሰ። እዚያ በር ላይ «ካሜራችሁን ከግንቡ ሥር አስቀምጡና ሲወጡ ትወስዳላችሁ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ፣ እነዚያ ሰዎች እስከ ዛሬ ትኬት አልባ ወሮበላ ተብለው በቀሩ ነበር።

ብዙ አልጠይቅም። በር ላይ አንድ ሰሌዳ፤ ምን እንደሚገባ፣ ምን እንደማይገባ፣ ለምን። ዕቃ ከተያዘ ቁጥር ያለው ካርድ፤ ሻወር ቤት እንኳ ለጫማችን ቁጥር ይሰጣል። ከሰሌዳው ግርጌ ደግሞ የአለቃው ፊርማ፣ ያ ወጣት ብቻውን እንዳይሸከመው።

ጨዋታው ባዶ ለባዶ አለቀ። ሰባኛው ደቂቃ አካባቢ ግን የኛ አጥቂ ከሩቅ የመታት ኳስ አግዳሚውን ነክታ ወጣች። ልጁ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሣ፤ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ወደ ሰማይ እያየ ሳቀ። ጥርሱ በሙሉ ታየ። የአባቱ ጥርስ። እጄ በደመ ነፍስ ወደ ደረቴ ሄደ፤ ካሜራው የሚንጠለጠልበት ቦታ ላይ ሸሚዜን ጨበጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ልጁ ስልኩን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ሰልፊ እንነሣ» አለኝ። ተነሣን። የኔ ግንባር ግማሽ ተቆርጧል፤ ከኋላችን የማይታወቅ ሰው ጆሮ አለ። ልጁም ስቋል፤ የሳቀው ግን ራሱን ስልኩ ውስጥ እያየ ነው።

ስንወጣ ካሜራዬ ከግንቡ ሥር እንዳለ ነበር። ቀይ ጃንጥላዋ ተወስዳለች። ወጣቱ ፖሊስ በሁለት እጁ አንሥቶ ሰጠኝ። «ይኸው ጋሼ፣ አልጠፋም። ሲጠብቁት ነው የዋሉት» ብሎ ሳቀብኝ። ሕዝቡ አልቆ በሩ ጭር ብሏል። እየፈራ እየቸረ፣ «ይሠራል?» አለኝ።

«ይሠራል እንጂ።»

«እስቲ አንድ ያንሱኝ። እናቴ ዩኒፎርም ለብሼ አይታኝ አታውቅም። ሞባይል ላይ ያለውን ደግሞ አትወደውም፤ በወረቀት ነው የምትፈልገው።»

ባርኔጣውን አስተካከለ። ከግንቡ ፊት ለፊት ቆሞ እጁን ከጎንና ከጎኑ ቀጥ አደረገ፤ ልክ እንደ ጉርድ ፎቶ።

«ሳቅ በል እንጂ» አልኩት።

«ሥራ ላይ ነኝ ጋሼ» አለኝ።